ዋናው ሲዘጋ ደሙ በየት ይዞራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አንጎልና ስለ ደም ዝውውር የላካችሁልኝ ጥያቄ ተከምሯል። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ፤ አንዳንዱን ሰፋ አድርጌ፣ አንዳንዱን በአጭሩ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ በምርመራ አንዱ የአንገቱ ደም ስር ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ተባለ። ግን ይሄዳል፣ ያወራል፣ እንደ ድሮው ይቆጣናል። ሐኪሞቹ ተሳስተው ይሆን?

አልተሳሳቱም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ዋና ቧንቧዎች አራት ናቸው። ሁለቱ ካሮቲድ ይባላሉ፤ የአንገትህን ጎን በጣትህ ስትነካ የሚመታው እሱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ቨርቴብራሎቹ፣ ከኋላ በአንገት አጥንቶች መሃል ተሹለክልከው ይወጣሉ። አራቱም አንጎል ሥር ሲደርሱ በቀጫጭን ማገናኛዎች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። አንዱ ቢዘጋ የሌላው ደም በቀለበቱ ዞሮ ይደርስለታል ማለት ነው።

ይህ ቀለበት የዊሊስ ክብ ይባላል። ቶማስ ዊሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ ነው ጥቅሙን ያስረዳው፤ ሥዕሎቹን ከሳሉለት አንዱ ደግሞ በኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን ነው። ዊሊስ ልክ እንደ አባትህ ያለ ሰው አጋጥሞታል። በሌላ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን ሲከፍት አንዱ ካሮቲድ ድፍን ብሏል፤ ሰውየው ግን በሕይወቱ ስትሮክ አልያዘውም። ለካ በዚያው ጎን ያለው ቨርቴብራል ከወዲያኛው ሦስት እጥፍ ወፍሮ ሥራውን ተረክቦታል። ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። አካላችን ማንም ሳያዘው ቧንቧ አስፍቶ ኖሯል።

ምስጢሩ ጊዜ ነው። ካሮቲድ በስብ ክምችት ለዓመታት ቀስ እያለ ሲጠብ ተለዋጩ መንገድ የመስፋት ዕድል ያገኛል። ሐኪሞች ኮላተራል የሚሉት ይህንን ተለዋጭ መንገድ ነው። አንዳንዴ ደሙ ከፊት ቆዳ ደም ስሮች ተነስቶ በዓይን በኩል ወደ ኋላ ገብቶ አንጎልን ይመግባል። ግን አትዘናጉ። እንደ መጽሐፉ ሥዕል የተሟላ ክብ ያለው ሰው ከግማሽ አይበልጥም፤ አንዱ ማገናኛ ክር የሚያህል ወይም ጭራሽ የሌለባቸው ሞልተዋል። በተለዋጭ መንገድ የሚኖር አንጎል የግፊት መውረድ ይከብደዋል። ስለዚህ አባትህ የግፊት መድኃኒት ከሐኪም ሳይነጋገሩ ራሳቸው እንዳይጨምሩ፣ ውሃም እንዳይጎድላቸው። የታዘዘላቸውን አስፒሪንና የስብ መቀነሻ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለው እንዳያቋርጡ ተከታተሏቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ደም ስር ተዘግቶባቸው ስትሮክ ያዛቸው። አንዱ ከሳምንት በኋላ በእግሩ ወጣ፣ ሌላው አልጋ ላይ ቀረ። ዕድል ነው?

ዕድል ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያት አለውና። ዕድሜ፣ ስኳር፣ ሕክምና የደረሱበት ሰዓት፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሁለተኛው የተለዋጭ መንገድ መረብ ነው። ቀለበቱ ያለው ከሥር ነው። ይሄኛው ግን ላይ፣ አንጎልን በሸፈነው ስስ ልባስ ውስጥ ነው ያለው። ብዙዎቹ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠኑ፣ የአንዱን ትልቅ ቧንቧ የመጨረሻ ቅርንጫፎች ከጎረቤቱ ቅርንጫፎች ጋር የሚያያይዙ ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ሆይብነር በ1874 ገልጿቸዋል። በአዘቦት ቀን ብዙም ደም አያልፍባቸውም። ዋናው ድንገት ሲዘጋ ግን ደሙ በእነሱ በኩል ወደ ኋላ ይፈስና የተጎዳውን አካባቢ ከዳር ይመግባል።

ቁጥሩን ልንገርህ፤ ነገሩ ያኔ ነው ግልጽ የሚሆነው። በጤና ጊዜ 100 ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ ወደ 50 ሚሊሊትር ደም ያገኛል። ወደ 20 ሲወርድ ሴሎቹ ሥራ ያቆማሉ። እጅ አልታዘዝ ይላል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ሴሎቹ ግን አልሞቱም። ከ10 በታች ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። በ20 እና በ10 መካከል ያለውን፣ የደነዘዘ ግን ሊተርፍ የሚችለውን ክፍል ሐኪሞች ፔነምብራ ይሉታል። የስትሮክ ሕክምና ሩጫ ሁሉ እሱን ለማትረፍ ነው። መረቡ ጥሩ የሆነለት ሰው ይህን ክፍል ለሰዓታት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ መረቡ የሳሳበት ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ብዙ ያጣል። የመረቡን ስፋት ይዘነው የምንወለደው ነው፣ ዕድሜና ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ግፊት ደግሞ ያሳሱታል። በአማካይ ትልቅ ደም ስር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴል ይሞታል ተብሎ ተሰልቷል። አማካይ ነው እንግዲህ። ያንተ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ቤት ሆነህ የምታውቅበት መንገድ የለም።

ጥያቄ፦ ከተቀመጥኩበት ቶሎ ስነሳ ያዞረኛል፣ ዓይኔም ይጨልማል። አንጎሌ ደም አጥቶ ነው?

ለአፍታ፣ አዎ። ስትቆሚ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ግፊትሽም ይቀንሳል። አንጎል ለዚህ የራሱ መላ አለው። ግፊት ሲወርድ ትንንሾቹ ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፣ ሲጨምር ይጠባሉ፤ የሚደርሰው ደም ብዙም እንዳይዋዥቅ ማለት ነው። ቧንቧው ሲለጠጥ ራሱን እንደሚያጠብ እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ቤይሊስ በ1902 ጽፏል። ዴንማርካዊው ሐኪም ላሰን ደግሞ በ1959 ባወጣው ታዋቂ ግራፍ፣ አማካይ ግፊት (በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለው) ከ60 እስከ 150 ባለው ክልል የአንጎል ደም እንዳለ እንደሚቆይ አሳየ። ዛሬ ያ ክልል ከተባለው የጠበበ እንደሆነ ይታመናል። ችግሩ ማስተካከያው ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ብድግ ያልሽው በአንዴ ነው።

አልፎ አልፎ ከሆነ ቀስ ብሎ መነሳትና ውሃ በደንብ መጠጣት ይበቃል። ከበዛ፣ ወይ ከወደቅሽ፣ ግፊትሽን ተኝተሽ፣ ከዚያ በቆምሽ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ አስለኪ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ብዙ ጊዜ የምትወስጂው መድኃኒት ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ እናታችን ፊቷ ተጣሞ ንግግሯ ሲጠፋ ግፊቷን ለካን፣ 190 ነበር። ቶሎ እንዲወርድ ከቤት ያለውን መድኃኒት ልንሰጣት ስንል ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ከለከለችን። ልክ ናት?

ልክ ናት፣ አመስግኗት። በስትሮክ ሰዓት ግፊት የሚወጣው ብዙ ጊዜ አካል ለአንጎል ደም ለማድረስ ሲታገል ነው። የተጎዳው ክፍል ቧንቧዎች እስከ መጨረሻ ስለተከፈቱ ራሳቸውን የማስተካከል አቅም የላቸውም። በእነዚያ ቀጫጭን ተለዋጭ መንገዶች ደሙን የሚገፋው ግፊቱ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በድንገት ስታወርዱት ያንን ግፊት ነው የምታሳጧት። ግፊት ለዓመታት የኖረበት ሰው ከሆነ ደግሞ አንጎሉ ከፍ ያለውን ለምዷል፤ ለሌላው ደህና የሚባል ቁጥር ለእሱ ዝቅተኛ ነው።

ሆስፒታልም ቢሆን ስትሮኩ የመዘጋት ከሆነና የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ካልተሰጠ፣ ሌላ አስገዳጅ ነገር ከሌለ በቀር፣ ከ220/120 ካላለፈ በመጀመሪያው ቀን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የሚያሟሟው ከተሰጠ ግን መጀመሪያ ከ185/110 በታች መውረድ አለበት። ስትሮኩ የመድማት ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ግፊቱም በጥንቃቄ ይወርዳል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የግፊት መድኃኒትም፣ አስፒሪንም፣ ምግብም አትስጧት። ደህና የነበረችበትን የመጨረሻ ሰዓት ያዙና ይዛችኋት ሩጡ።

ጥያቄ፦ ስጨነቅ ትንፋሼ ይፈጥናል፣ ከዚያ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆንብኛል፣ ጣቶቼም ይነዝራሉ። ኦክስጅን አንሶኝ ነው?

በሳንባህ ኦክስጅን አላነሰም። ያነሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ከደምህ ይወጣል፣ የአንጎል ቧንቧዎች ደግሞ እሱ ሲቀንስ ይጠባሉ፣ ደሙም ይቀንሳል። ትንፋሽህን ስታረጋጋ ይመለሳል። አየር ማስወጣቱን ከማስገባቱ አስረዝመው።

ጥያቄ፦ ተለዋጭ ደም ስር የሚያበቅል ወይም የሚያሰፋ መድኃኒት አለ? «የአንጎል ደም ዝውውር ያሻሽላል» የሚል እንክብል ሲሸጥ አይቻለሁ።

ያንን በሰው ላይ ያረጋገጠ እንክብል የለም። ገንዘብዎን አያባክኑ። እንዲያውም ኮላተራል መብዛቱ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ሞያሞያ የሚባል በሽታ አለ፤ አንጎል ሥር ያሉት ትልልቆቹ ቧንቧዎች ቀስ በቀስ ሲጠቡ አካል በምትካቸው የቀጫጭን ደም ስሮች ጥቅጥቅ ያለ ስብስብ ይሠራል። በራጅ ሲታይ ጢስ ይመስላል፣ የጃፓንኛ ስሙም የጢስ ብናኝ ማለት ነው። ስሱ ስለሆኑ አንዳንዴ ፈንድተው ይደማሉ። ለእሱ የሚረዳው የራስ ቆዳን ደም ስር ወስዶ ከአንጎል ደም ስር ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና ነው። ለሌላው ሰው ግን ግፊትን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ ስኳርን መያዝና መንቀሳቀስ ያሉትን መንገዶች ይጠብቅልዎታል።

ጥያቄ፦ ስትሮክ ከያዘው ሰው 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ ሆስፒታል መውሰዱ ጥቅም የለውም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፣ ይህ ወሬ ሰው ይጎዳል። 4 ሰዓት ተኩል የሚያሟሟው መድኃኒት የተለመደ ገደብ ነው። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ገብቶ ጎትቶ የማውጣት ሕክምና ግን በ2018 በወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ለተመረጡ ሰዎች እስከ 16፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቅም ታይቷል። የተመረጡ የሚባሉት እነማን ናቸው? በምስል ሲታዩ የሞተው ክፍል ትንሽ፣ ሊተርፍ የሚችለው ሰፊ የሆነላቸው፣ አብዛኞቹም ጥሩ ተለዋጭ መንገድ ያላቸው ናቸው። ሕክምናው በሌለበት እንኳ መዋጥ መቻሉን ማየት፣ ትኩሳትና ስኳርን መቆጣጠር፣ የሁለተኛ ስትሮክን መንስኤ መፈለግ ሕይወት ያተርፋል።

አክስቴ አንድ ጠዋት ግራ እጇ ዛለባት። «ተኝቼበት ነው» ብላ እስከ ማታ ጠበቀች፣ ማታ ደግሞ «አሁንማ መሽቷል» አለች። እጇ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ሰዓቱ ስንትም ይሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ረፍዷል አልረፈደም የሚለውን ምስሉን ያየው ሐኪም ይወስን።