ከቡና ገለፈት ከሰል ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አጋሮ ነው። ከቡና መፈልፈያው ጀርባ የገለፈት ክምር ይበሰብሳል። እኛ ግን ከሰል በውድ እንገዛለን። ከዚህ ገለፈት ከሰል መሥራት አይቻልም?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ይቻላል እህቴ! ጥያቄሽ በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ። ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው። ይህ ሁሉ ነዳጅ ሲጣል ያንገበግበኛል።

ጥሬው ይጨሳል፤ ለቤት ምድጃ መጀመሪያ መክሰል አለበት። በደንብ የደረቀውን ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ አያይዘሽ አየሩን ቀንሺበት። አየር እንደልብ ካገኘ አመድ ብቻ ይቀርሻል፤ ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ከደረቁ ገለፈት ክብደት ሩብ ያህል ከሰል ብታገኚ ጥሩ ነው። ከዚያ ወቅጠሽ በካሳቫ ዱቄት ሙቅ ለውሺው፤ ሙቁ ለማጣበቅ ያህል ብቻ ይሁን። አንዳንዶች ሸክላ አፈር ይጨምራሉ። እኔ አልወደውም፣ አመድ ያበዛል። ጠፍጥፈሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው።

ክምሩን ግን ሙልጭ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ገለፈት ፖታሲየም ስላለው ብስባሹ ለቡናው ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

አደራ፣ ጭስ የለውም ብለሽ በተዘጋ ክፍል አታንድጂው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። የማክሰሉንም ሥራ ከቤትና ከልጆችሽ ራቅ አድርጊው።