መልስ፦ ጠርሙሱ የጃፓን ይመስላል፣ ውስኪው ግን የጃፓን ነው?

የፊቱን የጃፓን ፊደል ተወውና ጀርባውን አንብብ። «ጃፓኒዝ ውስኪ» ሳይል «ወርልድ ብሌንድድ» (ከተለያዩ አገሮች የተቀላቀለ) ወይም «ጃፓን የታሸገ» ብቻ ካለ የውጭ ውስኪ ሊኖርበት ይችላል። ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ የጃፓኑ ቺቺቡ ፋብሪካ «ኢቺሮስ ማልት» የተባለውን ባለ ነጭ ወረቀት ውስኪውን ራሱ «ወርልድ» ብሎ ነው የሚሸጠው፤ ሐቀኛ ነው።

የጃፓን ውስኪ አምራቾች ማኅበር «ጃፓኒዝ ውስኪ» ለመባል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መስፈርት ይህ ነው፦ ብቅል ይግባበት፤ ውኃው፣ ጠመቃው፣ ማንጠሩና ማሸጉ ጃፓን ይሁን፤ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል እዚያው ቢያንስ 3 ዓመት ይቆይ፤ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ አይነስ። የካራሜል ቀለም ግን ይፈቀዳል፤ ስለዚህ በመልኩ አትፍረድ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። መስፈርቱ ሕግ ስላልሆነ የሚያስረው አባላቱን ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሩዝና ከኮጂ (በብቅል ፈንታ ከሚገባ የመጥመቂያ ሻጋታ) የተሠራ፣ በርሜል የገባ ሾቹም (የጃፓን አረቄ) በውስኪ ስም ይሸጣል። ጣዕሙ መጥፎ አይደለም፤ ግን ብቅል ከሌለበት የብቅል ውስኪ ዋጋ አትክፈልበት።