ሳይመዘገብ የተሰረቀ ልቦለድ፣ የተገዛ ቴሲስ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

«አጫጭር ልቦለዶቼን በቴሌግራም ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። አንድ ትልቅ ቻናል ሦስቱን ስሜን ሰርዞ ወስዷቸዋል። ስላላስመዘገብኳቸው መክሰስ አትችልም ይሉኛል።» ከአራት ኪሎ

ይችላሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 ተሻሽሏል) መሠረት ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ያለ ምንም ምዝገባ ይጠበቃል። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ማስረጃዎን ያጠነክራል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም።

ጉዳዩ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ ኮሜንት ላይ ገብቶ ይሳደባል። ሰውየው ፖስቱን ያጠፋል፤ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዝም ብለው ይሰብስቡ። የቻናሉ ስም፣ ቀኑና የተመልካቹ ቁጥር አንድ ላይ የሚታዩበት ስክሪንሾት ያንሱ፤ የእያንዳንዱን ፖስት ሊንክ ይገልብጡ፤ በኮምፒውተር ቴሌግራም የቻናሉን ታሪክ ኤክስፖርት ያድርጉ፤ ሁለት ሰዎች ጠርተው በዓይናቸው ያሳዩ፣ ነገ ምስክር ይሆናሉ። የራስዎን ፖስት ደግሞ ለፊደል ግድፈት እንኳ አይንኩት። ቴሌግራም የታረመ ፖስት ላይ የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ ይዞ መታረሙን ብቻ እንጂ ምኑ እንደተቀየረ ስለማያሳይ፣ ተከሳሹ «ታሪኩ በኋላ የገባ ነው» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። ረቂቁ ያለበትን የዎርድ ፋይልም አያጥፉ።

ከዚያ ቀነ ገደብ ያለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላኩ። እምቢ ካለ ክሱ ልደታ ወዳለው የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታም ያቅርቡ፤ አለዚያ ፍርዱ እስኪመጣ ታሪኮቹ እየተነበቡ ይቆያሉ። ካሳን በተመለከተ ልቦለዶቹ በነፃ የሚነበቡ ከነበሩ «ይህን ያህል ብር አጣሁ» ማለት ይከብዳል። እኔ ብሆን ክብደቱን ስሜ ከሥራው ላይ በመሰረዙ ላይ አደርጋለሁ። በሥራው ላይ በስም መጠቀስ የሞራል መብት ነው፤ አዋጁም ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይደነግጋል። ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት መብቱን የጣሰ ሰው በወንጀልም ይጠየቃል፤ ቅጣቱ እስራት ድረስ ይሄዳል።

«ከሌላ ሰው ቴሲስ ሁለት ገጽ ወስጄ ቃላቱን ቀያይሬዋለሁ። ይህ በሕግ ያስጠይቃል?» የ6 ኪሎ ተማሪ

ሕጉና የዩኒቨርሲቲው ደንብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዋጁ የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን አይደለም፤ ሐሳቡን ብቻ ወስደው በራስዎ መንገድ ከጻፉት ፍርድ ቤት አይጠሩም። ዩኒቨርሲቲው ግን ምንጭ አለመጥቀስን ራሱን እንደ ጥፋት ይቆጥራል፤ ከኤፍ ጀምሮ ዲግሪ እስከ መነጠቅ ሊያደርስ ይችላል። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት እንዳለ ሆኖ ተመሳሳይ ቃል ብቻ ተተክቶበት ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል ሊያስጠይቅዎ ይችላል። ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ የራስ ማስመሰልም አያድንም፣ የመተርጎም መብት የደራሲው ነውና። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቃል በቃል የወሰዱትን በትእምርተ ጥቅስ ይክተቱ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው አያስረዝሙ፣ ደራሲውንና ምንጩን ይጥቀሱ።

ግንድ ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» ብለው ስልክ ከሚለጥፉት ለመግዛት ካሰቡ ይተዉት። ያው ጽሑፍ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለሌላ ተማሪ ላለመሸጡ ምንም ዋስትና የለዎትም።

«ወመዘክር የሰጠኝ አይኤስቢኤን የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው?»

አይደለም። የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ነው፤ ማን እንደጻፈው አያረጋግጥም።

«ፒያሳ ያለ አሳታሚ የልቦለዴን ሙሉ መብት በአንድ ጊዜ ልግዛህ ይለኛል። ገንዘቡ አስፈልጎኛል።»

ይሽጡ፣ ግን «ሙሉ መብት» የሚለውን ሐረግ ከውሉ ያውጡት። ስንተኛ እትም፣ ስንት ቅጂ፣ እስከ መቼ የሚለው በቁጥር ይጻፍ። የሬዲዮ ትረካው፣ ፊልሙና ትርጉሙ የተለየ ዋጋ ያላቸው የተለዩ መብቶች ናቸው፤ ካልተጠቀሱ በእርስዎ እጅ እንደሚቀሩ በግልጽ ያስፍሩ። ውል በቃል አይሆንም፤ በሰነዶች ማረጋገጫ ቢጸድቅ ደግሞ «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚል ክርክር አይነሳም።

ከአሳታሚው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማተሚያ ቤቱ ነው። 3,000 ታዝዞ 5,000 ቢታተም ትርፉን 2,000 ማን ያውቃል? ከማተሚያ ቤቱ የርክክብ ሰነድ ኮፒ የማግኘት መብትዎ በውሉ ይግባ፤ የመጨረሻው ፒዲኤፍ ለማን እንደተሰጠም ይመዝገብ። ስምዎ በመጽሐፉ ላይ የመውጣቱን መብት ግን በሕይወት እያሉ መሸጥ አይችሉም፣ ቢፈልጉም።

«አባቴ በ1985 አረፈ። ግጥሞቹን አንድ ዘፋኝ ሳያስፈቅደን ተጫውቷቸዋል።»

የገንዘብ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚዘልቅ እስከ 2035 ድረስ የወራሾቹ ነው። ክስ ከማሰብዎ በፊት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ፤ ያለሱ መዝገብ አይከፈትልዎትም። የእጅ ጽሑፎቹን ወይም ግጥሞቹ የወጡባቸውን ጋዜጦች ይፈልጉ። ወንድምና እህት ካለዎት አስቀድመው ይስማሙ፤ አንዱ ወራሽ ለብቻው ፈቅዶ ገንዘብ ተቀብሎ ከሆነ ዘፋኙ መጀመሪያ የሚያቀርበው ያንን ወረቀት ነው።