የደም ምርመራው ፖዘቲቭ ቢወጣ ኮሎኖስኮፒውን ማን ይከፍላል?

እህቴ፣ ወንድምሽ 47 ዓመቱ ነው፣ ምንም አያመውም፣ ኮሎኖስኮፒ (ከኋላ በሚገባ ካሜራ አንጀትን ማየት) ፈርቶ «ለአንጀት ካንሰር የደም ምርመራው ይበቃኛል» አለ፣ እውነት ይበቃዋል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ቁርጥ የእኛ ቤት ነገር ነው። ባሌም «ወንድ ልጅ በዚያ በኩል አይነካም» ባይ ነው።

1. ጭራሽ ካለመመርመር ደሙን ቢሰጥ ይሻለዋል። ካንሰር የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ይጥላል፣ ላቦራቶሪው የሚፈልገው እሱን ነው። ሺልድ የሚባለውን የደም ምርመራ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2024 የፈቀደው 45 ዓመት ለሞላው፣ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። በጥናቱ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 83 ያህሉን አግኝቷል። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የደረሰ ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል እብጠት) ካለባቸው ግን 13 ያህሉን ብቻ! ኮሎኖስኮፒ ፖሊፑን አይቶ እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል። ስለዚህ ኔጋቲቭ ተባለ ብላችሁ ድግስ እንዳትደግሱ፣ በየ3 ዓመቱ ይደገማል። ሰገራው ላይ ደም ካየ ወይም ከቤተሰብ የታመመ ካለ ደግሞ ክርክር የለም፣ ቀጥታ ኮሎኖስኮፒ።

2. ፖዘቲቭ ከወጣ ኮሎኖስኮፒው አይቀርለትም። ጤነኛውንም ከ10 አንዱን ያህል በከንቱ ያስደነግጣል። የእኔው ጉድ፣ ባሌ፣ ፖዘቲቭ የተባለ ቀን ማታ መኪናው ለማን እንደሚሰጥ ሲናዘዝ አመሸ። ኮሎኖስኮፒው ገባ፣ አንድ ትልቅ ፖሊፕ ወጣለት፣ ካንሰር አልነበረም፣ ተመስገን። ደስታችን ሳይበርድ የክፍያ ሂሳቡ ከች አለ። ኢንሹራንሱ «ይሄ ስክሪኒንግ (ምልክት ሳይኖር የሚደረግ ቅድመ ምርመራ) አይደለም፣ ዳያግኖስቲክ (የተጠረጠረን ነገር ማጣሪያ) ነው» ብሎ ዲዳክቲብሉን፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስ የሚወጣውን፣ እኛ ላይ ጫነው። ስደውል ልጅቷ ማስቲካዋን እያኘከች «የሰገራ ምርመራ ቢሆን እንከፍል ነበር፣ የእናንተ የደም ነው» አለችኝና መልስ ሳልሰጣት ሙዚቃው ላይ ጣለችኝ። የሚያናድደው ደግሞ አልዋሸችም። አሜሪካ ውስጥ የግል ኢንሹራንሶች ከ2022 ጀምሮ ከሰገራ ምርመራ በኋላ የሚመጣውን ኮሎኖስኮፒ በነፃ እንዲሸፍኑ ታዘዋል፣ ያኔ የደሙ በዚያ ውስጥ አልነበረም። ደሙን ሲቀዱት ይህን ትንፍሽ ያለ አልነበረም፣ «ቀላል ነው» ብቻ። እኔም አልተኛሁላቸውም። ዶክተሩን ደብዳቤ አስጽፌ፣ ይግባኝ ብዬ፣ ማናጀር አስጠርቼ ግማሹን አስነሳሁ። በዚህች በምትስቂባት እንግሊዝኛዬ!

3. ደሙን ሳይሰጥ በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ይደውል። «ፖዘቲቭ ቢወጣ ኮሎኖስኮፒውን እንደ ስክሪኒንግ ሙሉ ትከፍላላችሁ ወይ?» ይበል፣ መልሱን በጽሑፍ ይላኩለት። በቃል «አዎ ይመስለኛል» ካሉት እንዳይቀበል። እምቢ ካሉ «ፊት» (FIT) የሚባለውን የሰገራ ምርመራ ይውሰድ፣ በዓመት አንዴ ነው፣ እቤቱ ይሠራዋል። ያስጠላኛል ካለ አፍንጫውን ይያዝ።

ኢንሹራንሱ በመሥሪያ ቤቱ ነው ወይስ ራሱ የገዛው? ንገሪኝና የይግባኝ ደብዳቤዬን በኢንቦክስ እልክልሻለሁ፣ ስሙን ብቻ ቀይሪው።