«የቢሾፍቱ ማሮች» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጄ ለትምህርት ቤት ስታነብ «የቢሾፍቱ ሐይቆች ማሮች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘች። «ሐይቅና ማር ምን አገናኛቸው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። የፊደል ግድፈት ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው?

መልስ፦ ግድፈት አይደለም። ከንብ ማር ጋርም ዝምድና የለውም። ቃሉ የጀርመን ነው። በጀርመንኛ አናባቢው ሁለቴ ይጻፋል፣ ሲነገርም «ማ» ረዘም ትላለች። ፊደላችን ይህን ርዝመት ስለማያሳይ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ቁርጥ ማርን መሰለ።

የተወለደው በምዕራብ ጀርመን፣ አይፈል በሚባለው ደጋማ አገር ነው። እዚያ ዳውን ከተማ አጠገብ ክብ ክብ ሐይቆች አሉ። የአካባቢው ገበሬዎች በራሳቸው ዘዬ «ማር» ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1819 ዮሐን ሽታይኒንገር የተባለ የትሪር ከተማ መምህር ቃሉን ለሥነ ምድር ጽሑፍ ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሳይንቲስቶች ሁሉ ወረሱት።

ሥሩን ወደ ኋላ ብንቆፍር የላቲኑን «ማሬ» እናገኛለን፤ ባሕር ማለት ነው። «ለትንሽ ሐይቅ ባሕር?» እንዳይሉ። እኛስ ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለን የለ? ጀርመኖችም «ዜ» የሚሉት ስም አላቸው፤ በተባዕት ጾታ ሐይቅ፣ በአንስታይ ጾታ ባሕር ይሆናል። ውኃ ዳር የሚኖር ሰው ሐይቅና ባሕርን በመጠን እየለካ አይለይም።

ወደ ትርጉሙ ልምጣ። ቅልጥ ዓለት ከታች ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ይገናኛል። ውኃው ባንዴ እንፋሎት ይሆንና ምድሩን ይበረግደዋል። የሚቀረው ከአካባቢው መሬት በታች የወረደ ጉድጓድ ነው። ዙሪያውን አመድና ስብርባሪ ድንጋይ ዝቅ ያለ ጠርዝ ይሠራለታል። ማር ማለት ይህ ጉድጓድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ይሞላዋል፤ ደረቅ የሆነም አለ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ጠርዝ ላይ ቆመው ወደ ታች ቢያዩ ነገሩ ይገባዎታል። ተራራ አልወጡም፣ ግን ውኃው ከእግርዎ በታች ርቆ ተኝቷል። ገደሉን በደንብ ካዩት ደግሞ አመዱ ድርብርብ ሆኖ፣ መሐል መሐሉ ላይ ፍንዳታው ከሥር ገንጥሎ ያወጣው ድንጋይ ተሰክቶ ያገኙታል።

ታዲያ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሁሉ ማር አይደለም። ወንጪ ለምሳሌ ካልዴራ ነው፤ የተራራው አናት ወደ ውስጥ ተደርምሶ የተፈጠረ። እዚያው አይፈል ውስጥ ያለው ላኸር ሐይቅም እንዲሁ ካልዴራ ነው።

አሁን ዋናው ጣጣ አጻጻፉ ነው። አንዳንዱ ከንብ ማር ለመለየት «ማአር» ቢባልስ ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ግን አያዋጣም። በግእዝ ማር «መዓር» ነው። ከአማርኛው ማር ሸሽተን ግእዙ ማር ላይ መውደቅ ይሆናል!

እኔ «ማር» ተብሎ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ግን ብቻውን አይሁን። መጀመሪያ ሲጠቀስ «ማር የተባለው የፍንዳታ ጉድጓድ» ቢባል አንባቢ አይደናገርም። ብዙ ቁጥሩም ያግዛል። የንብ ማር ስለማይቆጠር «ማሮች» ሲባል ጆሯችን ሌላ ነገር መሆኑን ይጠረጥራል፤ ልጅዎም ጥያቄ ያነሳችው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «የማር ሐይቅ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ይህን ያነበበ ሰው ወተትና ማር የምታፈሰውን ምድር እንጂ ቢሾፍቱን አያስብም። ለልጆች መጽሐፍ ከሆነ «የፍንዳታ ጉድጓድ ሐይቅ» ይበቃል፤ የጀርመኑ ስም ከፍ ባለው ክፍል ይምጣ።