«ተሰረዘ» ወይስ «ተራገፈ»?

ጥያቄ፦ የሊኑክስ አስተዳደር መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚጫን ፕሮግራም) ከሲስተሙ ሲወጣ «ተሰረዘ» ልበል ወይስ «ተራገፈ»? ዴቭ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን፣ በእንግሊዝኛ «ዲቫይስ ኖድ» የሚባሉትንስ «የመሣሪያ አንጓ» ብላቸው ያስኬዳል?

መልስ፦ «ተራገፈ» ይበሉ። ፕሮግራም «ጫንኩ» ማለት ከተለመደ ቆይቷል፤ የጫነ ደግሞ ያራግፋል እንጂ አይሰርዝም። «ጠፋ»ም አይሆንም፤ «ፕሮግራሙ ጠፋ» ሲባል ተዘጋ ይሁን ተነቀለ፣ ወይስ የገባበት አልታወቀም፣ አይለይም።

ችግሩ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው ዴቢያን ላይ ፓኬጅ የሚወጣው በሁለት መንገድ መሆኑ ነው። «ሪሙቭ» የሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ያነሳና የማዋቀሪያ ፋይሎቹን ይተዋል፤ «ፐርጅ» እነሱንም ይወስዳል። ሁለቱንም «አስወገደ» ካሉ፣ ፓኬጁን መልሶ የጫነ አንባቢዎ የድሮው ቅንብር ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል። አማርኛ ለዚህ ግስ አያጣም፤ «ጠረገ»ን «ጠራረገ» ስንል ጥጋጥጉ ሳይቀር ማለታችን ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን «አራገፈ»፣ ሁለተኛውን «ጠራርጎ አወጣ» እላለሁ።

ባሽን (ትእዛዝ ተቀባዩን) እና ግሬፕን (ጽሑፍ ፈላጊውን) የመሳሰሉትን፣ ዴቢያን በዋዛ እንዳይራገፉ ምልክት ያደረገባቸውን፣ «የግድ አስፈላጊ ፓኬጅ» ይበሏቸው። «ዋና» ይበቃ ነበር፤ ግን ፊደላችን ጥብቀት አያሳይምና አላልቶ ያነበበው ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል።

በ«አንጓ» ግን አልስማማም። አንጓ የሸምበቆና የጣት ነው፤ ሁለት ክፍል የሚገናኝበት። ለኔትወርክ ያምርበታል። ዴቭ ውስጥ ያለው ግን ፋይል ነው። በዝርዝር ሲያዩት በመስመሩ መጀመሪያ «ሲ» ወይም «ቢ» የምትል ፊደል፣ በመጠኑ ቦታ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ፤ የዴቭ ናል (የተጻፈበትን ሁሉ የሚውጠው ፋይል) ለምሳሌ 1 እና 3 ናቸው። አንደኛው ጥሪውን የሚቀበለውን ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም)፣ ሌላው ድራይቨሩ ከሚያስተዳድራቸው መሣሪያዎች የትኛው እንደተፈለገ ለከርነሉ (ለሲስተሙ እምብርት) ይነግራል። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ይዘት የለውም። «የመሣሪያ ፋይል» ይበሉትና ይለፉ። እንዲህ ያለውን ፋይል የሚፈጥረውን ትእዛዝ፣ «ኤምኬኖድ»ንም ሲተረጉሙ «መሣሪያ ፈጠረ» እንዳይሉ፤ የሚፈጠረው ፋይሉ ነው።

የጠላሁት የሚመስለው «ሰረዘ» ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። የዲስኩን የመሣሪያ ፋይል ቢያጠፉ ዲስኩ ምንም አይሆንም፤ ስሙ ብቻ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ማሽኑ እንደገና ሲነሳም ከርነሉ ራሱ መልሶ ይጽፈዋል።