ለ4×5 ካሜራ የትኛው ቤሎውስ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለ ሐዲድ 4×5 ካሜራ (4 በ5 ኢንች ፊልም የሚወስድ) አለኝ፤ ሌንሶቼ 90፣ 150 እና 300 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንድ ቤሎውስ፣ ማለትም ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ያለውን የሚሸፍነው ብርሃን የማያስገባ ተዘርጊ ጨርቅ፣ ለሁሉም ይበቃል?

መልስ፦ የተለመደው ባለ ሽንሽን ቤሎውስ ለ150 እና ለ300 ይሆናል፤ የሚያስቸግርህ 90ው ነው። ሩቅ ነገር ስታነሳ ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በግምት ከሌንሱ ፎካል ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር ከተጻፈው ቁጥር) ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በ90 ላይ ሽንሽኑ ተጨፍልቆ ይደድራል። የሕንጻውን ጫፍ ለማስገባት ሌንሱን የያዘውን የፊቱን ፍሬም 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስታደርገው ይገፋሃል፤ ስትለቀው ደግሞ ፍሬሙን ካሰርክበት ያንሸራትተዋል። እዚህ ላይ ሽንሽን የሌለው፣ ለስላሳው ከረጢት ቤሎውስ ያስፈልግሃል። ከረጢቱ 150ንም ለሩቅ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ሥራህ ሕንጻ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ግዛ።

ጥያቄ፦ ለ300ው ስንት ርዝመት ልፈልግ?

መልስ፦ ለተራራ 300 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 2 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ወደ 353 ይደርሳል፤ ዕቃን ፊልሙ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ለማንሳት 600። ሌንሱ ቴሌፎቶ (ከፎካል ርዝመቱ ባነሰ ዝርጋታ እንዲሠራ የተነደፈ) ከሆነ ግን ከዚህ አጭር ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ቤሎውሱን ስዘረጋ ፎቶዬ ይጨልማል። ለምን?

መልስ፦ ብርሃኑ ስለሚሳሳ ነው። ዝርጋታውን ለፎካል ርዝመቱ አካፍዪና ውጤቱን በራሱ አባዢው። 150ው ሌንስ 300 ላይ ሲዘረጋ 4 እጥፍ፣ ማለትም 2 ስቶፕ ትጨምሪያለሽ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ነው)። 210 ላይ 1 ስቶፕ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የሚጨልምብኝ የፎቶው ታችኛው ክፍል ብቻ ነው።

መልስ፦ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ቤሎውሱ መሃሉ ላይ ረግቧል። የላይኛው ጨርቅ ወደ ውስጥ ሲወርድ የፊልሙን የላይኛውን ጫፍ ይጋርዳል፤ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚያርፍ በፎቶው ላይ የጠፋው መሬቱ ይሆናል። ከካሜራው ኋላ ምስሉን በምታይበት በማተኮሪያው መስታወት የተቆረጡ ማዕዘኖች በኩል ሌንሱን ተመልከት፤ የሌንሱ ቀዳዳ ሙሉ ክብ ሆኖ ካልታየ የሚጋርድ ነገር አለ። መሃሉን ከሥር በአንድ ነገር ደግፈው። ሾጣጣ ቤሎውስ ቀላልና በደንብ የሚታጠፍ ቢሆንም ፊቱ ጠባብ ነው፤ ፍሬሙን ብዙ ከፍ ስታደርግ እሱም ይጋርዳል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ቀዳዳ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘርጋውና ትንሽ ባትሪ አብርተህ ውስጡ አስገባ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቆይና ቤሎውሱን እያጣመምክ የሽንሽኖቹን ጠርዝ፣ በተለይ አራቱን ማዕዘን እይ። የሚቀደደው እዚያ ነው፤ ጨርቁ በየቀኑ የሚታጠፈው በዚያ ነጥብ ላይ ስለሆነ። ሁለት ሦስት ነጥብ ብርሃን ካየህ ሲደርቅ የማይሰነጠቅ ጥቁር የጨርቅ ቀለም ስስ አድርገህ ቀባ፤ ሳይደርቅ አትጠፈው፣ ይጣበቃል። ፕላስተር አትለጥፍ፤ እጥፋቱን ያወፍረውና አጠገቡ ያለው ይቀደዳል። ማዕዘኖቹ በሙሉ ኮከብ ከመሰሉ ግን ተወው።

ጥያቄ፦ የሌላ ካሜራ ቤሎውስ ይገጥማል?

መልስ፦ ከመክፈልሽ በፊት የሁለቱንም ጫፍ ፍሬም በሚሊ ሜትር ለኪ፣ መቆለፊያውንም አስተያዪ። ፍሬሙ ባይገጥም እንኳ ጨርቁ ደህና ከሆነ ከአሮጌው ፍሬም ላይ ተላጦ በአዲሱ ሊጣበቅ ይችላል፤ ከሙጫው መስመር ብርሃን እንዳይገባ ግን በባትሪው እንደገና ይፈተሽ።